«ከለቀቅሁ በኋላ ብዕር አልነካም»፦ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ገደል

ሰሞኑን በሰሜን ሸዋ ነርሶች እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። «ከለቀቅሁ በኋላ ብዕር አልነካም» ይላል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ መልቀቂያ አስገብታ የመጨረሻ ቀኗ ያለፈ ነርስ ለቀድሞ መሥሪያ ቤቷ አንድም ቃል የመጻፍ ግዴታ የለባትም፤ «መጥተሽ ቻርት (የታካሚ የሕክምና መዝገብ) ጨርሺ» መባል የግዳጅ ሥራ ነው፤ ከሄደችም በሰዓት ሒሳብ ታስከፍል፤ ራሷን ለመጠበቅ የሠራችባቸውን የታካሚ ካርዶች ሳትወጣ በፊት በስልኳ ፎቶ ታንሳ፤ ክሊራንስ (ንብረትና ዕዳ የለባትም የሚል ማረጋገጫ) ከከለከሏት ግን ለሰላም ሲባል የቀረበላትን ፈርማ ትውጣ።

ጽሑፉ የተነሣበት ብሶት እውነት ነው። ነርሷ ከለቀቀች ሁለት ወር አልፏት፣ የጤና መድን ክፍያ ሊመረመር ነው ወይም ሱፐርቪዥን ሊመጣ ነው ሲባል ስልኳ ይጮኻል፦ «ሲስተር፣ አንድ ቀን ብቅ በይና የጎደሉትን ቻርቶች ሙዪልን።» የመልቀቂያ ደብዳቤዋ ሠላሳ ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ «ምን ቀረሽ?» ያላት የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ችግሩ ግን የጽሑፉ ምክር ነርሷን ከአንዱ ጉድጓድ አውጥቶ ወደ ሌላው መክተቱ ነው። መጀመሪያ ላይ «ምንም አትጻፊ» ብሎ መጨረሻ ላይ «ያቀረቡልሽን ፈርሚ» ይላታል። እኛ ነገሩን በቅደም ተከተሉ እንመልሳለን።

«የወጣች ነርስ ምንም የመጻፍ ግዴታ የለባትም»

የመጻፍ ግዴታ የሚወለደው አልጋው አጠገብ፣ ሥራው በተሠራበት ሰዓት ነው። መልቀቂያ ወደፊት የሚመጣውን ሥራ ያስቆማል እንጂ ትናንት ተሠርቶ ያልተጻፈውን አይሰርዝም። ጸሐፊው ቻርትን ለመሥሪያ ቤቱ የሚጻፍ ሪፖርት አድርጎ ያየዋል። ቻርትን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ግን ቀጣዩ ተረኛ ነው።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ያለባት ነፍሰ ጡር እንዳትንቀጠቀጥ ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለ መድኃኒት ተጀምሮላታል። በጡንቻ በሚሰጠው አሠራር መነሻው 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ አብሮም 10 ግራም በሁለቱ መቀመጫ 5 በ5 ተከፍሎ ነው። ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም፣ መቀመጫ እየተፈራረቀ ይቀጥላል። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ (ጉልበቷ ሲመታ እግሯ የሚሰጠው ምላሽ) መኖሩ፣ ባለፉት 4 ሰዓታት ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ። የሌሊት ተረኛዋ የንጋት 12 ሰዓቱን መርፌ ሰጥታ ሳትፈርም ወጣች እንበል። በ2 ሰዓት የገባችው ነርስ የምታየው ባዶ ሳጥን ነው። ባዶ ሳጥን ደግሞ ሁለት ፍቺ አለው፦ አልተሰጠም፣ ወይም ተሰጥቶ አልተጻፈም። አልተሰጠም ብላ ብትደግመው የታካሚዋ ሪፍሌክስ ሊጠፋ፣ ትንፋሿ ሊዝል ይችላል፤ ያኔ ማርከሻውን፣ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም፣ ፍለጋ ሩጫ ነው። ተሰጥቶ ይሆናል ብላ ብትዘለው ታካሚዋ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች።

ያቺ ሌሊት የነርሷ የመጨረሻ ዲዩቲ ብትሆንስ? በ3 ሰዓት ሲደወልላት «ውሌ ትናንት አልቋል» ብላ ስልክ ልትዘጋ ነው? እዚህ ላይ የጽሑፉ ምክር ሰው ይጎዳል። ትመልሳለች፤ መስጠቷን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው መቀመጫ ላይ እንደሆነ ትናገራለች። የተቀበለችው ነርስ ደግሞ «የሌሊት ተረኛዋ በስልክ እንደገለጸችው» ብላ በራሷ ስም፣ በራሷ ሰዓት ትጽፈዋለች። ለቃቂዋ ቻርቱን መንካት አያስፈልጋትም።

ከሁለት ወር በኋላ ስለዚያው ሳጥን ሲደወል ግን ነገሩ ሌላ ነው። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ታካሚዋ አልጋ ላይ ናት ወይስ ካርዷ ካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ገብቷል? አልጋ ላይ ካለች የሥራ ውልሽ ቢያልቅም ባያልቅም ስልኩን አንሺ። መደርደሪያ ላይ ከገባ ያንን ሳጥን መሙላት ታካሚዋን አያድንም፤ የሚያድነው የተቋሙን የኦዲት ውጤት ነው። ለዚያ ብለሽ ብዕር አታንሺ። ጸሐፊው ሁለቱን ለይቶ ቢሆን ይህን ምላሽ ባልጻፍን ነበር።

«የግዳጅ ሥራ ነው»

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 የግዳጅ ሥራን ይከለክላል፤ እውነት ነው። ስልክ ደውሎ መለመን ግን የግዳጅ ሥራ አይደለም። ቃሉን እዚህ ማባከን ነርሷ የምር ስትገደድ የምትናገረውን ያሳጣታል።

ከሁሉ በፊት በየትኛው ሕግ እንደምትተዳደር ትወቅ። ደብረ ብርሃን ላይ በግል ክሊኒክ ወይም በግል ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ የምትገዛው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ አረርቲ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የተቀጠረች ግን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው የምትተዳደረው፤ 1156ን ይዛ ሰው ሀብት ክፍል ብትሄድ «ይህ አንቺን አይመለከትም» ብለው ይመልሷታል፣ ልክም ናቸው። ጸሐፊው ሁለቱን አደባልቆ ስለጻፈው ጽሑፉን ይዞ የሚከራከር ሰው ገና በሩ ላይ ይረታል።

በግሉ በኩል ያለው እንዲህ ነው። የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰጥታ በፈቃዷ ትለቃለች፤ ይህ በአንቀጽ 31 ነው። ቀኑ ሲሞላ ውሉ ያበቃል፣ የማዘዝ ሥልጣኑም አብሮ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥሪ ልመና ነው፤ ልመናን ደግሞ በትሕትና እንቢ ማለት ይቻላል። ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ፣ ሕጉ ያለማስጠንቀቂያ ለመልቀቅ የሚፈቅደው ምክንያትም ሳይኖራት ጥላ የወጣች ግን በአንቀጽ 45 ለአሠሪው ካሣ ልትጠየቅ ትችላለች። ጣሪያውም የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ስለዚህ «ቻርት ሳትጨርሺ ስለሄድሽ የስድስት ወር ደመወዝ ትከፍያለሽ» የሚል ማስፈራሪያ ከዚህ አንቀጽ አይወጣም።

በተቋሙ ወጪ ተምራ «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብላ የፈረመች ነርስ ጉዳይ የተለየ ነው። እሱ የራሱ ውል አለው፤ ከቻርት ጋር አይቀላቀልም።

«ከሄድሽ በሰዓት አስከፍዪ»

የትራንስፖርትና የውሎ ወጪ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ለአንድ ፊርማ ተጠርቶ መምጣት ቀላል መንገድ አይደለም። ቻርት ላይ ለመጻፍ ለራሱ ገንዘብ መቀበል ግን አይበጅም። ነገ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የተከራካሪው ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህን ስትጽፊ ስንት ተከፈለሽ?» ነው። ከዚያ በኋላ የጻፈችው እውነት ቢሆንም ሰሚ አያገኝም።

«ካርዶቹን በስልክሽ ፎቶ አንሺ»

በጽሑፉ ውስጥ ካለው ሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር መግለጥን ይቀጣል። ነርሶችንና አዋላጆችን ከሐኪሞች ጋር በስም ጠርቶ ይዘረዝራል፤ ባለሙያው ሥራውን ካቆመ በኋላ ምስጢሩን ቢገልጥም ተጠያቂነቱ አይቀርም። ስለዚህ «የወጣ ሰው ተጠያቂ አይደለም» የሚለው የጽሑፉ መደምደሚያ በዚህ በኩል ፍጹም ስሕተት ነው። ደመወዙ ይቆማል፣ ዲዩቲው ይቆማል፣ ምስጢሩ አይቆምም። በዚህ ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይቆጥረዋል። ስም፣ የካርድ ቁጥርና ምርመራ ያለበት ፎቶ በግል ስልክ ላይ፣ ስልኩም የፎቶ መጠባበቂያው ክፍት ሆኖ፣ ምናልባትም የቤት ልጅ የሚጫወትበት ሆኖ ሲታሰብ ነገሩ ግልጽ ነው። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሸጣል፣ ለጥገና ይሰጣል። የኤችአይቪ ውጤት ያለበት አንድ ገጽ በትንሽ ከተማ የሚያደርሰውን ጉዳት ማስረዳት አያሻም።

«ታዲያ በሐሰት ብከሰስ ማስረጃዬ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ፦ ካርዱን ፍርድ ቤት ወይም የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ከተቋሙ ያስቀርበዋል፤ ተቋሙ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። አንቺ ልትይዢው የሚገባሽ የራስሽን ወረቀት ነው፦ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ያለው የመልቀቂያ ደብዳቤ ቅጂ፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤ፣ የንብረት መመለሻ ሰነድ፣ የተረኝነት ፕሮግራምሽ፣ ያስገባሽው ኢንሲደንት ሪፖርት (በሥራ ላይ ስለደረሰ ችግር የሚቀርብ ሪፖርት) መቀበሉን የሚያሳይ ፊርማ። ይዘቱን ሳይሆን መቀበሉን። እነዚህ ውስጥ የታካሚ ስም የለም፤ በአንድ ፖስታ ይገባሉ።

«ለሰላም ሲባል ፈርሚና ውጪ»

እዚህ ጋ ነው ጽሑፉ ራሱን በራሱ የሚያፈርሰው። ብዕር አልነካም ያለው ሰው መጨረሻ ላይ ያላየውን እንዲፈርም ይመክራል።

ወደ ኋላ ተመልሶ የተሞላ ቻርት እንዴት እንደሚታወቅ ለማያውቅ እንንገረው። ሙቀት 36.8፣ ልብ ምት 80፣ ትንፋሽ 20፣ ግፊት 110 በ70፤ በሚቀጥለውም ረድፍ ይኸው፣ ከዚያም በታች ይኸው። ስድስት ፈረቃ በአንድ ብዕር፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ትንፋሽ ተጽፏል። ትኩሳት ይዟት የገባች ታካሚ ሁለት ቀን ሙሉ 36.8 ሆና ታድራለች። የሐኪሙ ትእዛዝ በ3ኛው ቀን መድኃኒት ቀይሯል፣ የነርሷ መዝገብ የድሮውን መስጠት ቀጥሏል። ሁሉን ያጋልጣል የምንለው ግን የተረኝነት ሰሌዳው ነው፦ ፈራሚዋ በዚያች ሌሊት የዓመት ፈቃድ ላይ ነበረች። ይህ ሲገኝ ጥያቄው ከሙያ ጉድለት አልፎ ሰነድ ማጭበርበር ይሆናል። መጀመሪያ የሚጠየቀውም «ሙዪልን» ያለው ኃላፊ ሳይሆን ፊርማው ያለበት ሰው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ የውሸት ጽሑፍም ይወረሳል።

ሰዓቱ ደግሞ ለብቻው ወጥመድ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ስለማያስበው ቆም እንበልበት። ቻርት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ የነርሷ ሰዓት ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የሚቆጥረው። ኅዳር 12 ቀን 2018 ማታ ዲዩቲ የገባች ነርስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሰጠችው መድኃኒት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኖቬምበር 22፣ 2፡00 ሰዓት ላይ ነው። ዲዩቲው የተጀመረው ግን ኖቬምበር 21 ማታ ነበር። በእኛ ልማድ ሌሊቱ የኅዳር 12 ሌሊት ነው፤ በእነሱ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ቀኑ ተቀይሯል። በሰዓቱ የምትጽፍ ነርስ ከላይ ያለውን ረድፍ አይታ ትከተላለች፤ ከሁለት ወር በኋላ የምትጽፍ ግን «8፡00» ትልና ጠዋት ይሆንባታል፣ ወይም ቀኑን በአንድ ትስታለች። እንዲህ ሆኖ መድኃኒቱ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት የተሰጠ ሆኖ ይገኛል። በአንድ ቻርት ላይ አንድ አቆጣጠር ብቻ፣ የ24 ሰዓት አጻጻፍ ከሆነ እስከ መጨረሻው የ24 ሰዓት።

ገና በሥራ ላይ ሳለሽ የዘለልሽውን ማስገባት ግን ትክክለኛ መንገድ አለው፤ ማጭበርበርም አይደለም። ባዶውን ሳጥን አትሞዪም፣ በሁለት መስመር መካከልም አትሰገስጊም። አሁን ባለሽበት ረድፍ ላይ ትጽፊያለሽ፦

«ዘግይቶ የተመዘገበ። ዛሬ ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 4፡20። ኅዳር 12 ከሌሊቱ 8፡00 ማግኒዥየም ሰልፌት 5 ግራም በግራ መቀመጫ ሰጥቻለሁ። በሰዓቱ ያልጻፍኩት ሌላ ድንገተኛ ታካሚ ስለገባ ነው።» ከዚያ ሙሉ ስም፣ ሙያ፣ ፊርማ።

ሁለት ሰዓት አለው፦ የተሠራበትና የተጻፈበት። የማታስታውሺውን ቁጥር አትጨምሪም። የተሳሳተ ቃል በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ፤ አጠገቡ የስም መነሻ ፊደልና ቀን። ማጥፊያ ቀለም፣ ፍቆ መጻፍ፣ ገጽ መቅደድ የለም። ከለቀቅሽ በኋላ ግን ይህም መንገድ ዝግ ነው፤ ካርዱን የመክፈት ሥልጣን የለሽም። ያልተሟላውን ካርድ መዝጋት የተቋሙ ሥራ ነው፤ ኬዝ ቲም (የሥራ ክፍል) አስተባባሪው ወይም ሜትሮኗ (የነርሶች ኃላፊ) «ይህ ክፍል በወቅቱ ሳይሞላ ቀርቷል፣ ባለሙያዋ ተቋሙን ለቃለች» ብለው በራሳቸው ስምና ቀን ጽፈው ይዘጉታል። ለኦዲት ያሳፍር ይሆናል፤ ግን እውነት ነው።

ስለ ናርኮቲክ (በጥብቅ ቁጥጥር ስለሚያዙ የሕመም ማስታገሻዎች) መዝገብ አንድ ነገር። 100 ሚሊ ግራም የያዘች የፔቲዲን አምፑል ተሰብራ 50 ከተሰጠ፣ የቀረው 50 በምስክር ፊት ተደፍቶ በሁለት ሰው ፊርማ ይመዘገባል። የምስክሩ ፊርማ የጎደለበትን ረድፍ ከወር በኋላ «ፈርሚልኝ» የምትል ባልደረባ ብትመጣ፣ የቱንም ያህል ብትወጂያት አይሆንም። ያላየሽውን መደፋት ነው የምትመሰክሪው።

«ክሊራንስ ከከለከሉሽ አማራጭ የለሽም»

አለሽ። መጀመሪያ ሁለት ወረቀቶችን እንለይ፣ ምክንያቱም በየቢሮው አንድ ተደርገው ነው የሚነገሩት። ክሊራንስ በእጅሽ የተቋሙ ንብረትና ዕዳ አለመኖሩን የሚያሳይ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ምን እንደሠራሽ፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ደመወዝ እንደሆነ የሚገልጽ ነው። ሁለተኛውን አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛዋ በጠየቀች ጊዜ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ፣ በግሉ በኩል ላሉት፣ በአዋጅ 1156 አንቀጽ 12 ተጥሎበታል። «ቻርት እስክትጨርሺ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አልተጻፈበትም።

ክፍያንም በተመለከተ፣ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ደመወዝና ሌላው የሚገባት ገንዘብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላል፤ አንቀጽ 36። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ያለ በቂ ምክንያት የሚያዘገይ አሠሪ በአንቀጽ 38 እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል። አንቀጽ 36 አንድ በር ይተዋል፦ ሠራተኛዋ በራሷ ጥፋት የተቋሙን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳትመልስ ከዘገየች ቀኑ ሊራዘም ይችላል። አሠሪዎች ቻርትን በዚህ በር ሊያስገቡት ይሞክራሉ። በእኛ አረዳድ አይገባም። ያልተሞላ ሳጥን የሥራ ጉድለት ይባል ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ በሥራ ላይ ሳለች የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነበር። በእጇ ያለ ንብረት ግን አይደለም። ግፊት መለኪያው፣ ግሉኮሜትሩ፣ የጣት ኦክሲጅን መለኪያው፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ቁልፍ፤ እነዚህ ናቸው ንብረት፣ እዚህ ላይ ደግሞ አሠሪው ትክክል ነው። ከደመወዝ መቁረጥም ቢሆን አንቀጽ 59 በዘፈቀደ አይፈቅድም፦ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛዋ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ መጠኑም ከወር ደመወዟ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

ስትጠይቂ በጽሑፍ ጠይቂ። የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ስለሚታገድ «ነገ ይፈርሙልሻል» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ከአንቺ ሒሳብ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው፦ ሠላሳው ቀን

ጸሐፊው ከመውጣት በኋላ ስላለው ብቻ ነው የጻፈው። እዚህ የዘረዘርነው ጣጣ ሁሉ ግን የሚያልቀው በማስጠንቀቂያው ወር ውስጥ ነው።

መልቀቂያውን በሁለት ቅጂ አቅርቢ፤ መዝገብ ቤት ያስገቢና በአንቺ ቅጂ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጊ። በቃል ለሜትሮኗ መንገር ማስጠንቀቂያ አይሆንም። በሁለተኛው ሳምንት ካርድ ክፍል ሄደሽ በአንቺ ስም ክፍት የሆኑትን በዝርዝር ጠይቂ፤ የወጡ ታካሚዎችን ካርድ ገና መብቱ ሳለሽ፣ ከላይ ባልነው በዘግይቶ ምዝገባ መንገድ ዝጊ፤ የማታስታውሺውን «አላስታውስም» ብለሽ ተዪ። ሦስተኛው ሳምንት የንብረት ነው። በመንግሥት ተቋም በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) የወሰድሽውን ስትመልሺ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ማድረጊያ ቅጽ) ገቢ መሆኑን አረጋግጪ፤ «መጋዘን ውስጥ አስቀምጫለሁ» ክሊራንስ አያስፈርምም። ንብረት ክፍሉ ሰው አጥቶ የሚዘጋበት ቀን ስለማይጠፋ ለመጨረሻዋ ቀን አታቆዪው። ናርኮቲክና ቁልፍ በቆጠራ ይረከባሉ፦ አምፑል በአምፑል፣ ከመዝገቡ ጋር እየተያየ፣ ተረካቢዋ ፈርማ።

የኮምፒውተር ካርድ ባለበት ተቋም ደግሞ የመግቢያ ስምሽን ማዘጋት እንዳትረሺ። ለባልደረባ «ለጊዜው ተጠቀሚበት» ብለሽ የተውሽው ፓስወርድ አንቺ ከወጣሽ በኋላ በስምሽ መርፌ ሲሰጥ ይኖራል። እንዲዘጋ በደብዳቤ ጠይቂ፣ ቅጂውን ያዢ። በግል ክሊኒክ ላሉት ደግሞ፦ ኦርጂናል የሙያ ፈቃድሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሆነ አውርደሽ ሂጂ፤ ክሊኒኩ ፈቃድ ሲያወጣ የባለሙያ ዝርዝር ውስጥ ስምሽን አስገብቶ ከነበረም መልቀቅሽን ለፈቃድ ሰጪው የጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቂ። አለበለዚያ ያልሠራሽበት ክሊኒክ ባለሙያ ሆነሽ ትቆያለሽ።

ማን ሲጠይቅ ምን ይመለሳል

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ መቅረብ ግዴታ ነው፤ «ለቅቄያለሁ» አይሠራም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ በደብዳቤ ከጠየቀም መልስ ይሰጣል፤ የሙያ ፈቃድሽ ከቀጣሪሽ ጋር አልለቀቀም። ፖሊስ በቃል ሲጠይቅ ስለ ታካሚ ከመናገርሽ በፊት ጥያቄው በጽሑፍ እንዲሆን ጠይቂ። የቀድሞ ቀጣሪሽ የሚያቀርበው ጥያቄ፣ ታካሚው አልጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር፣ በደብዳቤ ይምጣ፤ መልሱም በደብዳቤ ይሂድ፣ ካርዱ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው። ብዙ ቃል አይፈልግም፦

«ለ… የሰው ሀብት ክፍል። በቀን … በቁጥር … ለተጻፈልኝ ደብዳቤ የተሰጠ መልስ። በተቋሙ እስከ … ድረስ በነርስነት ሠርቻለሁ። በካርድ ቁጥር … ስለተጠየቅሁት ጉዳይ የማስታውሰው ይህ ነው፦ … ። ከዚህ ውጪ የማስታውሰው የለም። ይህን የጻፍኩት ዛሬ …፣ ካርዱን ሳላይ ነው። በካርዱ ላይ የምጨምረውም የምሰርዘውም የለም።»

«ካርዱን ሳላይ» የሚለው ለጌጥ አልገባም። ካርዱን አሳይተዋት ከሆነ «ካርዱን በቀን … አይቼ» ትበል፤ ከትዝታ የመጣውና ከገጹ ላይ የተነበበው ካልተለዩ አንዱ ሲናድ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ መዝገብ ቤት ይግባ፤ ሩቅ ላለች በሪኮማንዴ (ደረሰኝ ባለው የአደራ ፖስታ) ይላክ፣ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝም ከላይ ባልነው ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ።